መልስ

«ከረሜላው የታል?» ትሉኛላችሁ፣
መልስ ለመለሰ እንጨት ስሰጣችሁ፤
የወይራ መፋቂያ፣ ገና ያልጠወለለ፣
ከሽልማት ይልቅ ቅጣት የመሰለ።
ተቀመጡ እንግዲህ። እናንተ ሳትመጡ
የሆነ ነገር ነው።

ሰኞ ስም ስጠራ «አቤት» ሲል ክፍሉ፣
የትብለጥ ቦታ ግን ዝም አለ ከሁሉ።
ማክሰኞም «ቀ» ጻፍሁኝ፣ ረቡዕም «ቀ»፤
የቀይ እስክሪብቶዬ ቀለሙ አለቀ።

ኀሙስ ከቤቷ ሄድሁ፣ በበቆሎው መሐል፤
አባቷ ምንይችል ቀና ብሎ እንዲህ ይላል፦
«ጥርሷ ነው፣ መምህር። ትንሽ ነው፣ ይተዋል።
ጥርስ ባዳ አይደል? ባዳ መቼም ይሄዳል።»

ባዳው ግን አልሄደም፤ አራት ሌሊት አድሯል፣
ከጉንጯ ላይ ድንኳን ተክሎ ሰንብቷል።
የእንቧይ ፍሬ አጢሰው ትሉን ጠብቀዋል፣
ቅርንፉድ አስነክሰው ጥርሷን ለምነዋል፤
ትልም አልወጣ፣
ጥርሱም ልመና አልሰማ።

«አፍሽን ክፈቺ።» ከፈተች ለብርሃን።
ከኋላ መንጋጋ ጥቁር ጉድጓድ አየን፤
የበቆሎ ፍሬ ነቀዝ እንደ በላው፣
ሽፋኑ ብቻ ቆሞ ውስጡን ባዶ የሞላው።

«ጣፋጭ ትወዳለች?» አልሁኝ እንደ ዐዋቂ።
እናቷ መለሰች ፊቷን ዘወር አርጋ፦
«ከሱቅ ስልካት፣ ባለሱቁ ዝርዝር የለውም፤
‹መልስ የለኝም› ይላል፣ ከረሜላ ነው መልሱ።
ያንን ነው የምትበላ። የቀረውን ደግሞ…»
አለችና ቆመች።

የቀረውን ደግሞ የሰጠሁ እኔ ነኝ።
«ሰባት ጊዜ ስምንት?» ብዬ ስጠይቅ፣
የማን እጅ ነበረ ከሁሉ የሚልቅ!
ለቀላሉ አንድ፣ ለከባዱ ሁለት፤
ትብለጥ ብለዋታል፣ በለጠች በእውነት።
ከክፍሉ ልጅ ሁሉ ብዙ መልስ ያላት፣
ከክፍሉ ልጅ ሁሉ ብዙ ጥርስ ታመማት።

ፍኖተ ሰላም ላይ «ወንበሩ አለ» አሉን፤
ብርን ተሻገርን፣ ብር ተበድረን።
ሦስት ሆነን በባጃጅ፣ አቧራ ለብሰን
ደረስን ሆስፒታል። ዘበኛው ቀና ሳይል፦
«ጥርስ የምታየዋ ሥልጠና ሄዳለች።
ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ዐሥራ አምስት ካርድ ብቻ።
ወረፋው ግን ሌሊት ነው የሚያዝ።»
ተመለስን። ትብለጥ ጉንጯን በነጠላ ይዛ
ድልድዩን ስናልፍ ውኃውን ታያለች፣
አታለቅስም።

ማክሰኞ ዐሥራ አራተኛ ሆንን።
ሲስተር ሁሉአገርሽ፣ ስሟ እውነት አለው፣
ሁሉ አገር ነው እጇን የሚጠባበቀው፤
አየች፣ በብረት ነካ አደረገች፣ ወደ እኔ ዞረች፦
«ዐምና፣ ጥቁር ነጥብ ሳለ ብታመጧት፣
ሞልቼ ባቆየሁት፣ ባኘከችበት።
አሁን መንቀል ነው።»
አደነዘዘች፤ ነቀለች፤
ጥርሱን በጥጥ ጠቅልላ መዳፏ ላይ አኖረች።

ከበሩ ስንወጣ ትብለጥ ቆመችና
የቆርቆሮውን ጣራ አየች፣ ቀና ብላ ቀና፤
ፋሻ እንደ ነከሰች፣ ግማሽ ከንፈሯ ሞቶ፦
«መምህር፣ ብወረውረው፣
ወፏ አዲስ ታመጣልኛለች?»

የወተት ጥርስ ቢሆን ወፍ አታስቀርም ነበር።
ይሄኛው ግን ስድስት ዓመቷ ላይ በቅሎ፣
እስከ እርጅና ድረስ ሊያኝክላት ምሎ
የመጣ ነበረ።
ወፍ ምን ታድርግበት?

ጠየቀች፤ ጠበቀች። እኔ አስተማሪው፣
እንደዚያ ባለሱቅ ኪሴን ዳብሼ ዳብሼ፣
«መልስ የለኝም» አልኋት።

በሉ፣ እንጨታችሁን ያዙ።
ሰባት ጊዜ ስምንት?